በመላጊያችሁ ላይ የተደረበው ሁለተኛ ብረት

ቤታችሁ የእጅ መላጊያ ካለ እስቲ አውጡና ፍቱት። ምላጩን የሚይዘውን መቆለፊያ ስታነሱ በአንድ ብሎን የተያያዙ ሁለት ብረቶች አብረው ይወጣሉ። ታችኛው የተሳለው ምላጭ ነው፤ የሱ ሥራ ግልጽ ነው፣ እንጨት ይቆርጣል። ከላዩ የተደረበው ግን ስለት የለውም። ጫፉ አካባቢ ጎበጥ ብሎ ምላጩ ላይ ተኝቷል እንጂ እንጨቱን እንኳ አይነካም። ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል?

ለዚህ ጥያቄ እኔ ለሁለት ዓመት ያህል የተሳሳተ መልስ ይዤ ኖሬያለሁ። መሐንዲስ ነኝ፤ የማጠናውም የብረት አቆራረጥን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ማፈሬ አልቀረም። የሚያጽናናኝ ብቻዬን አለመሆኔ ነው። በእንግሊዝኛ የታተሙ ብዙ የእንጨት ሥራ መጻሕፍትና መጽሔቶችም ለአሥርተ ዓመታት ሲያስተምሩ የነበሩት ያንኑ መልስ ነው። የሚገርመው ትክክለኛው መልስ በ1767 በአንድ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ታትሞ ወጥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው እጃችን ላይ እያለ አጠቃቀሙ እንዴት ሊጠፋ ቻለ? የዛሬው ወሬዬ እሱ ነው። እግረ መንገዴን መላጊያችሁን እንዴት እንደምታስተካክሉትም አሳያችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረብኝ በአንድ የዋንዛ ጣውላ ነው። አያቴ ግቢ የነበረ ትልቅ ዋንዛ ነፋስ ጣለውና ግንዱ ተሰነጠቀ፤ ጣውላዎቹም ጣሪያ ሥር ተደርድረው አራት ዓመት ደረቁ። ለእኔ ሁለት ደረሱኝ። ዋንዛ አሁን እንደልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም፤ ያውም በልጅነታችሁ ከወጣችሁበት ዛፍ የተገኘ ከሆነ መተኪያ የለውም። ለእናቴ መደርደሪያ ልሠራበት ወሰንኩ። መላጊያውን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ገዛሁ። ዝገት የበላው፣ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ግን ብረቱ ጤነኛ የሆነ አሮጌ መላጊያ ነበር። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የኤሌክትሪክ ማሽን እያስጮህኩ ከጎረቤት ጋር መጣላት አልፈልግም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የእጅ መሣሪያ ይሻላል።

ምላጩን ሳልኩ፣ ጣውላውን በሞርሳ አሰርኩ፣ መላግ ጀመርኩ። እስከ ግማሹ ያለ ምንም ችግር ሄደ፤ ረጃጅም ፍቅፋቂ ከመላጊያው አፍ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ታቹ ያበራል። ድሮ ቅርንጫፍ ከወጣበት ቦታ ስደርስ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ ሽው ይል የነበረው መንጨት ጀመረ። እጄን ሳሳርፍበት ጣውላው ተቦጭቋል፤ አንዳንዱ ጉድጓድ ግማሽ ሚሊሜትር ይጠልቃል። ሁሉም እንደሚመክረው ጣውላውን አዙሬ ከሌላው ጫፍ ላግሁት። የተቦጨቀው ቦታ ለሰለሰ፤ ለስላሳ የነበረው ደግሞ ተቦጨቀ። ሦስት ምሽት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ጥሩ የሆነ መስሎኝ ቫርኒሽ ስቀባው ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ፈጠው ወጡ። መደርደሪያው አሁንም እናቴ ቤት አለ፤ እንግዳ ሲመጣ እናቴ ዳንቴል ታለብስበታለች።

ስንጥቁ ከምላጩ ይቀድማል

ለምን እንደተቦጨቀ ለመረዳት መጥረቢያ የያዘ ሰው ማሰብ ይበቃል። እንጨት ስትፈልጡ የመጥረቢያው ስለት እንጨቱን የሚነካው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጥረቢያው ሆድ ሁለቱን ወገኖች ይገፋቸዋል፤ ስንጥቁም ከስለቱ ቀድሞ ይሮጣል። እንጨት ማለት እንደታሰረ የስንዴ አገዳ ያለ የቀጫጭን ቱቦዎች እስር ነው። አገዳውን አቋርጦ መቁረጥ ከባድ ነው፤ አንዱን ከአንዱ ማላቀቅ ግን ቀላል ነው። ለፈላጭ ይህ በረከት ነው። መላጊያ ለያዘ ሰው ግን ጦስ ነው።

መላጊያው ስትገፉት ምላጩ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ቃጫው ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ከሆነ ስንጥቁ ቢቀድምም አየር ላይ ወጥቶ ያልቃል፤ ምንም ጉዳት የለውም። ቃጫው ወደ ታች እየጠለቀ የሚሄድ ከሆነ ግን ስንጥቁ ቃጫውን ተከትሎ ከምትፈልጉት ገጽ በታች ይገባል። ከዚያ ፍቅፋቂው ሲሰበር እናንተ ጋ የሚቀረው ጉድጓድ ነው። ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ላይ ቃጫው ወዲያም ወዲህም ስለሚዞር ከየትም አቅጣጫ ብትመጡ አንዱ ወገን ይጎዳል።

ይህን በደንብ የመደበው በ1958 የታተመው የኖርማን ፍራንዝ ጥናት ነው፤ የተሠራው በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍራንዝ የእንጨት ፍቅፋቂን በሦስት ከፈለው። አንደኛው ዓይነት ስንጥቁ ከምላጩ የሚቀድምበት ነው፤ የኛ ቡጭቅ ማለት ነው። ሁለተኛው ስንጥቅ ሳይቀድም ምላጩ ጫፍ ላይ ብቻ የሚቆረጥበት ነው፤ ከሁሉም የተሻለውን ገጽ የሚሰጠው እሱ ነው። ሦስተኛው ምላጩ በጣም ቀጥ ብሎ ወይም ደንዝዞ እንጨቱን እየጨፈለቀ ሲሄድ የሚመጣ ነው፤ ገጹን ጸጉራም ያደርገዋል። (ፍራንዝ በሌላም ይታወቃል። ዛሬ በከፍተኛ ግፊት በሚወረወር ውኃ ብረትና ድንጋይ የሚቆርጡት ማሽኖች ሲነሱ ስሙ ከጀማሪዎቹ ጋር ይጠራል፤ እሱ የጀመረው እንጨት ለመቁረጥ ብሎ ነበር።) እንግዲህ የአናጢ ጥበብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቀለል፣ አንደኛውን ዓይነት ወደ ሁለተኛው መቀየር ነው።

ከሮማውያን እስከ ሞክሰን

ዛሬ ድረስ ከተገኙት መላጊያዎች ሁሉ አሮጌዎቹ የሮማውያን ናቸው። በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ ከተቀበረችው ከፖምፔይ ሳይቀር ተገኝተዋል። ምላጫቸው አንድ ብቻ ነው፤ የሚይዘውም ሽብልቅ ነው። በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብም የአናጢዎቿ መላጊያዎች ወጥተዋል። በሁለቱ መካከል ከ1400 ዓመት በላይ አለ፤ አሠራሩ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም።

ያ ሁሉ ትውልድ ታዲያ ቡጭቅን እንዴት ተከላከለ? ጥቂት መላዎች ነበሩት፤ ሁሉም ዛሬም ይሠራሉ፣ ሁሉም ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው ፍቅፋቂውን ማሳነስ ነው። ፍቅፋቂው እንደ ትንሽ መፈንቀያ ሆኖ ነው ስንጥቁን የሚከፍተው፤ የአንድ ስስ ዘንግ ግትርነት ደግሞ ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ውፍረቱን በግማሽ ብትቀንሱት ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን አንድ ሚሊሜትር ለማውረድ ቀኑን ሙሉ ልትልጉ ነው።

ሁለተኛው የመላጊያውን አፍ ማጥበብ ነው። ከምላጩ ፊት ያለው የመላጊያው ጠርዝ እንጨቱን ስለሚጫነው ስንጥቁ ሊነሳ አይችልም። ነገር ግን አፉ የፍቅፋቂውን ውፍረት ያህል ብቻ ካልጠበበ ብዙም ውጤት የለውም፤ የእንጨት መላጊያ ደግሞ ታቹ እያለቀ በተስተካከለ ቁጥር አፉ እየሰፋ ይሄዳል።

ሦስተኛው ምላጩን ማቆም ነው። በ1670ዎቹ መጨረሻ ጆሴፍ ሞክሰን የሚባል የለንደን ማተሚያ ቤት ባለቤት ስለ አንጥረኛ፣ ስለ አናጢና ስለ ቶርኖ ሥራ የሚያስረዳ ተከታታይ ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ። በእንግሊዝኛ ስለ እጅ ሥራ እንዲህ ተዘርዝሮ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሞክሰን ምላጩ ለለስላሳ እንጨት በ45 ዲግሪ እንዲተኛ፣ እንደ ዞጲ ላሉ ጠንካራ እንጨቶች ግን እስከ 80 ዲግሪ እንዲቆም ይመክራል። ቀጥ ያለ ምላጭ እንጨቱን ከማንሳት ይልቅ ይጨምቀዋል፤ ስንጥቅ አይቀድምም። ግን ለመግፋት ከባድ ነው፣ ምላጩ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ለስላሳ እንጨት ላይ ደግሞ ገጹ ያን ያህል አያምርም። ስለዚህ አናጢው ለየእንጨቱ የተለያየ መላጊያ ሊኖረው ግድ ነው።

አንድ ማስታወቂያ

በ1767 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ሳሙኤል ካሩተርስ የሚባል መላጊያ ሠሪ በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። ባለ ሁለት ብረት የሆኑ፣ በቅርቡ የመጡ መላጊያዎች እንዳሉት ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፦ ቃጫቸው ለዞረና ለተጠማዘዘ እንጨቶች እነዚህ መላጊያዎች ባለ ጥርስ ምላጭም ሆነ ምላጩ ቀጥ ብሎ የቆመ መላጊያ እንደማይደርስባቸው ይገልጻል።

ልብ በሉ፣ ከምን ጋር እንደሚያወዳድረው! ባለ ጥርስ ምላጭና የቆመ ምላጭ ሁለቱም የቡጭቅ መከላከያዎች ናቸው። ማስታወቂያው ስለ መንቀጥቀጥ አያወራም፤ ስለ ምላጭ ጥንካሬም አያወራም። ገዥው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለተኛውን ብረት የገዛው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እንጨት እንዳይቦጨቅ። ነጋዴ ስለ ሸቀጡ ማጋነኑ ያለ ነው፤ ግን በሚቀጥሉት አሥርተ ዓመታት ባለ ሁለት ብረት መላጊያ በእንግሊዝና በአሜሪካ አናጢዎች ዘንድ የተለመደ መሣሪያ ሆነ። ከኪሱ ለተጨማሪ ብረት የሚከፍል አናጢ በከንቱ አይከፍልም።

በ1812 ፒተር ኒኮልሰን ነገሩን በመጽሐፍ አስቀመጠው። ኒኮልሰን ተራ ጸሐፊ አልነበረም፤ ስኮትላንድ ውስጥ የቤት ዕቃ ሠሪ ሆኖ የሠለጠነ፣ በኋላ የሥነ ሕንጻና የሒሳብ ሰው የሆነ ነው። የተደረበው ብረት ከምላጩ ጫፍ የሚርቅበት ልክ እንደ እንጨቱ ጠባይ እንደሚለያይ ይናገራል፤ ቃጫው በዞረ ቁጥር መቅረብ አለበት፣ በቀረበ ቁጥር ደግሞ መላጊያው ለመግፋት ይከብዳል። ከዚህ በላይ ግልጽ መመሪያ የለም። እኔ ዋንዛዬን ከማበላሸቴ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈ ነው።

እንዴት ተረሳ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሌናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ የብረት መላጊያውን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው፦ ገላው በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት፣ ምላጩ በሽብልቅ ሳይሆን በማንሻ የሚያዝ፣ ጥልቀቱ በሚዞር የነሐስ ብሎን የሚስተካከል። ስታንሊ ኩባንያ በ1869 የቤይሊን የፈጠራ መብቶች ገዝቶ በገፍ ማምረት ጀመረ። መብቱ ሲያልቅ ሌሎች ቀዱት፤ ሸፊልድ ቀዳው፣ ሕንድ ቀዳው። ምናለሽ ተራ ላይ የምታገኙት የብረት መላጊያ ማንም ይሥራው ማን፣ ንድፉ በአብዛኛው የቤይሊ ነው። ሁሉም ሁለተኛውን ብረት ይዘው ነው የመጡት።

ነገር ግን መሣሪያው ሲበዛ ተጠቃሚው እየሳሳ ሄደ። የጣውላ መላጊያ ማሽን ፋብሪካውን ያዘ፤ የማሽኑን ርዝራዥ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ያጠፋዋል። የእጅ መላጊያ የቀረው በር ለማስተካከልና ጠርዝ ለማለስለስ ነው። ለዚያ ሥራ ሁለተኛው ብረት የት ጋ እንደሆነ ማንም ደንታ የለውም። ከጌታ ወደ ተማሪ ይተላለፍ የነበረው ነገር አንድ ትውልድ ሲዘል ተቋረጠ።

በ1970ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ የእጅ እንጨት ሥራ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ እንደገና አበበ፤ ፋይን ውድወርኪንግ የተባለው መጽሔት የተጀመረው በ1975 ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የተማሩት ከመጽሐፍና ከራሳቸው ሙከራ ነው እንጂ ከአናጢ ጎን ቆመው አልነበረም። ሁለተኛውን ብረት ሲያዩ መልስ ፈለጉለት፤ የተስማሙበትም መልስ ምላጩ እንዳይንቀጠቀጥ ያጠነክረዋል የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። የቤይሊ ምላጭ 2 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ስስ ብረት ነው፤ ከላይ የሚጫነው ነገር በእርግጥ ያግዘዋል። ከተራ ስህተት ይልቅ ግማሽ እውነት ዕድሜ አለው፤ ማንም እንደገና አይፈትሸውም።

ከዚህ የወጣው ምክር፣ ደራቢውን ብረት ከጫፉ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር አርቃችሁ እሰሩት የሚል ነው። እኔም ይህንኑ አንብቤ ነው ያሰርኩት። አሁን አስሉት፤ የማነሳው ፍቅፋቂ 0.05 ሚሊሜትር ነው። ብረቱ ከፍቅፋቂው ውፍረት ሃያ እጥፍ በላይ ርቆ ተቀምጧል። ፍቅፋቂው እዚያ ሲደርስ ስንጥቁ ሥራውን ጨርሷል። እሳት ካጠፋ በኋላ እንደደረሰ... ይቅርታ፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ እንደደረሰ ውኃ ማለት ነው።

ቡጭቅ ሲያስቸግራቸው ደግሞ ወደ ሞክሰን ዘመን መላዎች ተመለሱ፤ የቆመ ምላጭ፣ የጠበበ አፍ፣ ወፍራም ብረት። ለዚህ ሲባል ውድ ውድ መላጊያዎች ተገዙ። መፍትሔው እጃቸው ባለው መላጊያ ላይ በብሎን ታስሮ ነበር።

ካሜራው ያየው

መልሱ የተመለሰው በጃፓን በኩል ነው። የጃፓን መላጊያ ወደ ራስ እየተጎተተ የሚልግ ሲሆን ለብዙ ዘመን አንድ ምላጭ ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛው ብረት የተጨመረበት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የያማጋታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ያሱኖሪ ካዋይና ቹታሮ ካቶ ሁለተኛው ብረት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ቀላል ነገር አደረጉ፤ እንጨቱ ሲላግ ከጎን ሆነው በማጉያ ቀረጹት።

ፊልሙን ላላየ ሰው ልንገራችሁ። ደራቢ ብረት ሳይኖር ፍቅፋቂው ወደ ኋላ እየተጠቀለለ ይነሳል፤ ከምላጩ ጫፍ ፊት ጥቁር ስንጥቅ ይከፈትና ወደ ታች ይገባል፤ ከዚያ ቁራሹ ነቅሎ ይሄዳል። ደራቢው ብረት 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲጠጋ ግን ያው እንጨት፣ ያው ምላጭ፣ ያው አቅጣጫ ሆኖ ስንጥቁ ይጠፋል። ፍቅፋቂው ገና ከመነሳቱ ከብረቱ ግንባር ጋር ይጋጭና ወደ ፊት ይገፋል። ያ ግፊት ሊከፈት የነበረውን ስንጥቅ ይደፍነዋል። የፍራንዝ አንደኛው ዓይነት ዓይናችሁ እያየ ወደ ሁለተኛው ይቀየራል።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ ይህን ብረት ቺፕ ብሬከር፣ ማለትም ፍቅፋቂ ሰባሪ፣ ይሉታል። ቶርኖ ላይ ለሠራ ሰው ስሙ የታወቀ ነው፤ እዚያ ረጅሙን የብረት ፍቅፋቂ ቆራርጦ እጃችሁን ከመቆረጥ ያድናችኋል። እንጨት ላይ ግን ቁም ነገሩ ፍቅፋቂውን መስበሩ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ ማፈኑ ላይ ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ የብረት ሰው ስሙ ራሱ አሳሳች ነበር።

ፊልሙ ከነትርጉሙ በ2012 አካባቢ ወደ እንግሊዝኛ አንባቢዎች ሲደርስ ብዙ ሰው መላጊያውን ፈታ። ሰዎች ኒኮልሰንንም እንደገና ማንበብ ጀመሩ።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ በኩራት ሰፈራችን ላሉ አንድ አረጋዊ አናጢ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሼ አዳመጡኝ፤ ከዚያ የራሳቸውን መላጊያ ገልብጠው አሳዩኝ። ደራቢው ብረት ከምላጩ ጫፍ ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ ተጠግቷል። እንጨት ሲያስቸግር ጠጋ፣ ሲገራ ራቅ እንደሚያደርጉት ነገሩኝ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። እንግዲህ ተረሳ ስል በጽሑፍ ዓለም ማለቴ እንደሆነ ይያዝልኝ።

አሁን መላጊያችሁን አምጡ

መጀመሪያ የሚፈተሸው ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። አያይዛችሁ ወደ መስኮት ዘርጉና በመሃላቸው ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። ካለፈ ፍቅፋቂው ያንን ቀዳዳ ያገኘዋል፤ ተወትፎ ያስቆማችኋል። የምላጩን ጠፍጣፋ ጀርባ ጫፉ አካባቢ አስተካክሉ፤ ቀጥሎ የደራቢውን ብረት ታች ጠርዝ። የመሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ ወፍራም መስተዋት ላይ የተለጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ደራቢውን ስትስሉ የኋላውን ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ እንዲህ ሲሆን ምላጩን የሚነካው የፊት መስመሩ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ የደራቢው ግንባር። ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በጣም የተጋደመ ነው። ጫፉ ላይ፣ ከምላጩ ጀርባ ጋር ሲለካ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ የሚሆን ትንሽ ገጽ አውጡለት። ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ይበቃል። ፍቅፋቂው እዚያ ላይ ስለሚንሸራተት አለስልሱት፤ ሻካራ ከሆነ ሰበቃው ያስቸግራችኋል።

ምላጩ መሳል አለበት፤ ደራቢው ብረት የደነዘዘ ምላጭን አያድንም። ጥርት ብሎ ሲሳል ክንዳችሁ ላይ ያለውን ጸጉር ይላጫል።

አሁን ዋናው። ብሎኑን በግማሽ ጥበቁ፤ ደራቢው በጣት ሲገፋ የሚንቀሳቀስ፣ ሲተዉት የሚቆም ይሁን። ብርሃን ፊት ሆናችሁ ከላይ ስታዩ ከደራቢው አልፎ የሚታይ ቀጭን የሚያበራ የምላጭ መስመር አለ። ያንን መስመር ነው የምታጠቡት። ለማነጻጸር፣ አንድ ተራ የማተሚያ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለአስቸጋሪ እንጨት መስመሩ የአንድ ወይም የሁለት ወረቀት ውፍረት ይሁን፤ ለወፍራም ማውረጃ ሥራ ግን ወደ አንድ ሚሊሜትር መልሱት። ብሎኑን ስታጠብቁ ደራቢው ትንሽ ወደ ፊት ስለሚሸሽ መጀመሪያ ጥቂት አትርፉለት። እኔ ይህን እስክለምድ ሁለት ጊዜ ደራቢውን ከስለቱ አሳልፌ አዲስ የተሳለ ምላጭ አበላሽቻለሁ። ከስለቱ ፊት አውራ ጣት አታድርጉ፤ አንድ ቀን ያዳልጣችኋል።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የመላጊያው አፍ ነው። የጠበበ አፍና የቀረበ ደራቢ አብረው አይሄዱም፤ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣና ይታጨቃል። ምላጩ የሚያርፍበትን ብረት ወደ ኋላ መልሳችሁ አፉን ክፈቱት። ደራቢው እየሠራ ከሆነ የጠበበ አፍ አያስፈልጋችሁም።

ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ ፍቅፋቂው ነው። ደራቢው ሩቅ ሲሆን እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። ልኩን ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። ከመጠን በላይ ከቀረበ ደግሞ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይወጣል፣ መላጊያውም ከብዶ ይገፋል፤ ትንሽ መልሱት። ደግሞ መጀመሪያ በማይጸጽታችሁ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ ሆን ብላችሁ ከቃጫው በተቃራኒ ላጉት።

ሁለተኛውን የዋንዛ ጣውላ የነካሁት ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ነው። ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ጋ ስደርስ እጄ ትንሽ ፈራ። ድምፁ አልተለወጠም። በጣቴ ስዳብሰው ቃጫው የት ጋ እንደሚዞር በዓይን እንጂ በእጅ አይታወቅም፤ ብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁትም። እናቴ በዚህኛው ላይ ዳንቴል አላለበሰችም።

ወይራ ላይ ግን አሁንም እየታገልኩ ነው። ቃጫው ከአንድ መዳፍ ባነሰ ስፋት ውስጥ ሦስት ጊዜ አቅጣጫ የሚቀይር ቁራጭ አለኝ፤ ደራቢውን የአንድ ወረቀት ያህል አስጠግቼውም እዚህም እዚያም ትንሽ ይነቅላል። እሱን በመላጊያ ካቀረብኩት በኋላ በተሰበረ መስተዋት ጠርዝ ፍቄ ነው የምጨርሰው፤ ጋሼም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። መስተዋቱን ስትይዙ ወፍራም ጓንት አድርጉ።